ለቀቅሁ፣ ተላቀቅን

ኅዳር 13 ቀን 1931፣ ቡሬ

ጤፍ እየታጨደ ነው። ጠዋት ብርድ፣ ቀትር ላይ ሐሩር። አንድ ገበሬ ለታመመች ልጁ ክታብ እንድጽፍለት መጣ። እጄ ታሟል አልሁት። «ሁለት ዓመት ሙሉ?» አለኝ። ምን ልበለው? ቀኝ እጄ ብዕር ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ብርሌ ሲይዝ ግን ደኅና ነው… ሰው ይስቅብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ይህን የምጽፈው በግራዬ ነው። የጫጩት ዳና ይመስላል። ረጅም ነገር አልችልም። ይሁን፣ የሚያነበው የለ።

እማሆይ አልጣሽ፣ የሚስቴ የሀብትነሽ እናት፣ ምሳ አመጡልኝ። «ደብተራ፣ ሳይበርድ ይብሉ» ብለው ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ስለ ሀብትነሽ አንዲት ቃል የለም። ከእኔም የለም። ከሞተች ወዲህ እንዲህ ነን።

ኅዳር 20

ጠበል ሃያ አንድ ቀን ተጠምቄያለሁ። ድሮ የጻፍሁትን ክታብ ራሴው አንገቴ ላይ አስሬአለሁ። ምንም። እንግዲህ ለስንቱ ሰው ምንም ሰጥቼ ኖሬያለሁ?

ከጅጋ ወዲያ አንድ መነኩሴ አሉ ይባላል፤ አባ ወልደ ሥላሴ። የቅኔ መምህር ነበሩ። ጣልያን ሲገባ ተማሪው ተበተነ። አሁን ልቡ የተሰበረ ሰው ሲመጣ ያነጋግራሉ አሉ። ማነጋገር ብቻ? ወሬማ እዚህም ሞልቷል።

ኅዳር 27፣ ጅጋ

ደረስሁ። በዋናው መንገድ አልመጣሁም። ሀብትነሽ የሞተችበት ገበያ እዚያ ነው። በጫካ በመዞሬ አንድ ቀን ጨመረብኝ። እግሬ ቆሳስሏል። የደብሩ ሰዎች የእንግዳ ጎጆ ሰጡኝ።

ኅዳር 28

ከወይራ ሥር ተቀመጥን። አሁን ክታብ ያወጣሉ፣ አሁን መስቀል ያወጣሉ ስል… ባዶ እጃቸውን ናቸው።

«ምን ፈልገህ መጣህ፣ ክንፈሚካኤል?»

«እጄ እንዲድን።»

«እጅን ወጌሻም ያየዋል። አንተስ?»

ጨነቀኝ። ስለ ብራና አፋፋቅ ማውራት ጀመርሁ፤ ሳቁ። ስንት ቀን ይፈጃል አልኋቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንዱን ዝም ብዬ እሰማዋለሁ። ካንዱ ጋር እከራከራለሁ። አንዱን የፈራው ቦታ ድረስ አብሬው እሄዳለሁ። መጀመሪያ ሊብስብህ ይችላል፤ ቁስል ሲታጠብ ያማል። የነገርኸኝ ግን ከዚህ ወይራ አያልፍም።»

ክታብ ቢሰጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 4

ዛሬ ከወይራው ቀረሁ። ራሴን አመመኝ ብዬ። ውሸት ነው።

ሀብትነሽ ሥራ ስትሠራ ታፏጭ ነበር። ሴት ልጅ እንዴት ታፏጫለች እያለ ጎረቤቱ ያማታል። እሷ ደግሞ ይባስ ብላ ታፏጫለች። ያ ድምፅ… ልናፍቃት የሚገባኝ አይመስለኝም። ሲመጣብኝ እንደ ሌባ እደብቀዋለሁ።

ታኅሣሥ 9

ነገርኋቸው።

ገበያው። ማር ልንሸጥ ወጥተን። እሷ ለአንዲት ሴት እየሰፈረች። የጣልያን አውሮፕላን። ሰው ሽቅብ እያየ ይቆማል፣ ሞኝ… እኛም ቆምን። ከዚያ ቦምብ። እጇን ያዝሁ፣ ሮጥን። ከዚያ እጇ የለም። እኔ ፈፋ ውስጥ፣ እሷ ሜዳው ላይ።

«እኔ ነኝ የለቀቅኋት» አልሁ። ለማንም ብዬው አላውቅም።

አላጽናኑኝም። «ለቀቀን አውርደው» አሉኝ። ግስ አውርድ! እንደ ጀማሪ የቅኔ ተማሪ! ደሜ ፈላ። አፌ ግን ለምዶ የለ፣ ወረደ… ለቀቅሁ። ለቀቀች። ተለቀቀ። ተላቀቅን።

«የትኛው ነው?»

«ለቀቅሁ።»

«አይተሃል?»

አቧራ ነበር። ሰው በላዬ ይሮጥ ነበር። «አላየሁም።»

«እንግዲያ?»

«አላውቅም።»

«ሁለት ዓመት ያላየኸውን ስትመሰክር ኖርህ። ምናልባት ለቅቀሃታል። ምናልባት አልለቀቅሃትም። ከአላውቅም ጋር መኖር ትችላለህ?»

አላውቅም፣ አልሁ ደግሜ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እኔ አለቀስሁ፤ ብዙ። ደረቴ እስኪያመኝ።

ታኅሣሥ 10

ብሶብኛል። ምን ሊበጀኝ ነው የነገርኋቸው?

ታኅሣሥ 16

ገበያ በሌለበት ቀን ከአባ ጋር ወደዚያ ሄድን። እስከ ዳገቱ ብቻ። ሜዳው ከላይ ይታያል። ፍየል ይግጥበታል። ያ ፍርሃት መጣብኝ፤ እንመለስ አልሁ። «ተቀመጥ፤ እስኪያልፍ እንጠብቃለን» አሉ። እውነትም አለፈ።

ታኅሣሥ 21

በገበያው ቀን። ሰው፣ ጨው፣ በርበሬ፣ ጫጫታ… መሐል ድረስ ገባሁ። የጣልያን ካሚዮን በመንገዱ ሲያጓራ እግሬ አወጣኝ። ሮጥሁ። አባ አልተከተሉኝም። ላብ አጥምቆኝ ስመለስ እዚያው ቆመው ቆሎ ይቆረጥማሉ። እፍኝ ሰጡኝ።

«ተመለስህ» አሉ። በቃ፣ ይህን ብቻ።

ታኅሣሥ 26

እጄ ትንሽ ተሽሎታል። ይንቀጠቀጣል ግን።

«ለማን ያልነገርኸው ቀረ?» አሉኝ።

ለማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። «ቢረግሙኝስ፣ አባ?»

«ሊረግሙህ ይችላሉ። ይምሩሃል ብዬ አልሰድህም። እናት ናቸው፤ የልጃቸውን ነገር ማወቅ ይገባቸዋል።»

ጥር 2፣ ቡሬ

በዋናው መንገድ ተመለስሁ።

እማሆይ ምሳ ይዘው ሲመጡ ይቀመጡ አልኋቸው። አልተቀመጡም። እንደቆሙ ነገርኋቸው። እጇን መያዜን፣ መሮጣችንን፣ ከዚያ እጇን ማጣቴን። ለቅቄ ይሁን ተላቅቀን አላውቅም አልሁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ደብተራ… ይህን እስካሁን ያውቁ ነበር?» አሉኝ። አዎ አልሁ። ወጡ። ምግቡን ይዘውት ወጡ።

ጥር 5

አልመጡም። ጭሳቸውን ከሩቅ አየሁ። አለሁ ይላል።

ጥር 6

አልመጡም።

ጥር 8

መጡ። ደጃፍ ላይ አልቀሩም። ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«እጇ ይሞቅ ነበር?»

አልገባኝም።

«ስትይዛት። የልጄ እጅ ይሞቅ ነበር ወይ?»

አማች ሆኜ ከገባሁ ጀምሮ አንቱ ነኝ። ዛሬ አንተ አሉኝ። በንዴት ይሁን በሌላ… አልጠየቅሁም።

«ይሞቅ ነበር። ማር ነክቶት ይጣበቅም ነበር።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ጮኹብኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ መቼም ስለ መልቀቄ ነው ብዬ። አልነበረም።

«ሁለት ዓመት! አንድ ቀን ስሟን ሳትጠራ! አንተ ካልጠራሃት ማን ይጥራልኝ? ስመጣ ዝም፣ ስሄድ ዝም። ጠልተሃት መስሎኝ! ብቻዬን አስናፈቅኸኝ!»

ይህን አላሰብሁትም። አንድም ቀን። የራሴን ጥፋት ታቅፌ ተቀምጬ የእሳቸው ናፍቆት ደጃፌ ላይ ምግብ እያስቀመጠ ይመለስ ነበር።

«ሀብትነሽ» አልሁ። «ናፍቃኛለች፣ እማሆይ። በጣም ናፍቃኛለች።»

«እንዲህ በል» አሉኝ፤ እንባቸው ወረደ።

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አወራን። ሰባት ዓመቷ ሳለች ወንዝ ወርዳ የጠፋችውን ቀን ነገሩኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲፈልጋት እሷ እሸት ስትጠብስ ተገኘች። አላውቅም ነበር ይህን። ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ዞር አሉ። «ነገ ደግሞ የሠርጋችሁን ቀን ትነግረኛለህ።»

ድግሱን የደገሱት እኮ እሳቸው ናቸው። ይሁን። ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግራቸዋለሁ።