አባቴ ከሞተ በኋላ የያዘው ሥራ

ውድ አባዬ፣

አንተን ከሸኘንህ ይኸው ሦስት ዓመት ሞላ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ላለቅስ አይደለም፤ የሚያስቅ ወሬ ስላለኝ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፤ አሁንም ጄኔቭ፣ ኦ ቪቭ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ነች። ውሃ ስትፈራ የኖረችው ሚስትህ ከጎረቤቶቿ ጋር ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ጀምራለች ብልህ አታምነኝም። ወንበርህን ወርሳዋለች። የቴሌቪዥኑን ሪሞት ግን ከነላስቲኩ አስቀምጣልሃለች፤ አንድ ቀን እንኳ በትክክል ሳትጠቀምበት ነው የሄድከው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከሞትክ በኋላ ዙሪክ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆነሃል። አትሳቅ። እኔ የምሠራበት ድርጅት ውስጥ ኢሜይል ስንልክ ከሥሩ የሚወጣው የስማችን የመጀመሪያ ፊደልና የቤተሰብ ስም ነው። የእኔ የቤተሰብ ስም ደግሞ ያው አንተ ነህ። እዚሁ ዙሪክ አጠገብ፣ ዋሊሰለን የምትባል ከተማ ያሉት ደንበኞቻችን የሱቆቻቸው የሒሳብ ማሽን እምቢ ባለ ቁጥር እኔ ፕሮግራሙን አስተካክዬ እጽፍላቸዋለሁ፤ መልሱ የሚመጣው ግን «ውድ ሄር አበራ» ተብሎ ነው። አቶ አበራ ማለታቸው ነው። ሥራ የሚያውቅ ሰው ወንድ መሆን አለበት ብለው ራሳቸው ወስነዋል።

አንድ ቀን የሱቆቹ ኃላፊ ጋ ደወልኩ። ድምፄን እንደሰማ፣ እባክዎ ከባለሙያው ጋር ያገናኙኝ አለኝ። ልነግረው የነበረውን በማግስቱ በጽሑፍ ስልክለት ሄር አበራን አመስግኖ አልጠግብ አለ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት አገር ቤት የቀረ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጀርመንኛም ይችላል።

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ትለኝ ይሆናል። እውነቱን ልንገርህ፣ ናፍቀኸኝ ነበር። ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት ስምህ በክብር ተጽፎ ሳየው ያለህ ይመስለኛል። ባርማቸው ያንን የማጣው መስሎኝ ፈራሁ።

ባለፈው ወር ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ሱቆቹ አዲስ ፕሮግራም ሊያሠሩ ሆነ። ንድፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሠራሁት እኔ ነኝ። አለቃዬ ግን ደንበኛው ከወንድ ጋር መነጋገር ይቀለዋል ብሎ ኡርስ የሚባለው ባልደረባዬ ሥራውን እንዲመራ አሰበ። ተናደድኩ አባዬ፤ እንባዬ እስኪመጣ ተናደድኩ። ከሱቆቹ ኃላፊ ጋር በተቀመጥንበት ስብሰባ ላይም እኔ አስረዳለሁ፣ ኃላፊው ኡርስን እያየ ይጠይቃል።

ያን ጊዜ ትዝ አልከኝ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገር ጥለን መጥተን፣ የጂኦግራፊ መምህሩ አባቴ ግራንድ ሳኮኔ ኤግዚቢሽን አዳራሽ ጥበቃ ሆነህ ስትሠራ፣ የኮምፒውተር ትርኢት ልታሳየኝ ይዘኸኝ ገባህ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። እኔ ስጠይቅ ሻጩ ለአንተ ይመልሳል። አንተ አንድም ነገር ሳይገባህ ራስህን ስትነቀንቅ ቆየህና ፊትህን አዙረህ ጣሪያውን ማየት ጀመርክ። ሰውየው የሚያየው ሲያጣ ወደ እኔ ዞረ።

ኡርስ እንደ አንተ ፊቱን አላዞረም። በመጨረሻ ኃላፊው፣ ሄር አበራ ለምን አልመጣም? ሥራውን እሱ ቢመራልን ነበር የምንፈልገው አለ። አበራ አባቴ ነው፣ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው፣ በሕይወት እያለም ቻናል መቀየር አይችልም ነበር፤ ይህን ሁሉ ጊዜ የጻፍኩልዎት እኔ ነኝ አልኩት። ሰውየው እንደ ቲማቲም ቀላ። ከዚያ ሳቀ፤ ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ የቀሩትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ሰኞ ዕለት አለቃዬ ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። ኡርስም የእኔ ቡድን ውስጥ ገብቷል፤ ሲታዘዝ እንዴት ያለ ጎበዝ መሰለህ!

አሁን ሙሉ ስሜን እጽፋለሁ፤ እነሱም ፍራው አበራ ይሉኛል፣ ወይዘሮ አበራ እንደ ማለት። በከንቱ ነው የፈራሁት፣ ስምህ የትም አልሄደም። ሄር አበራን ግን ከሥራ አሰናብቼዋለሁ፤ እንዳትቀየመኝ።

አልረሳህም አባዬ። ዕድሜዬን ሙሉ፣ የማን ልጅ ነሽ ላለኝ ሁሉ የአበራ ነኝ እላለሁ። ሥራው የማን ነው ላለኝ ግን፣ የእኔ።

ልጅህ ቤዛ