ለግራ ዓይኔ የከፈልከው

ወንዴ፣

ደብዳቤ ስጀምር እጄ የለመደው ጤና መጠየቅ ነው። «ለጤናህ እንደምን ነህ» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ከተለየኸን ዛሬ ሦስት ወር ከአራት ቀን ሆነ። እኔ ደህና ነኝ። ለጠየቀኝ ሁሉ እንዲህ ነው የምለው። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም፤ አፍ የሚለው ነገር ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጓሮ የተከልካት ሮማን ቅጠሏን አራግፋ ቆማለች። ሻትል አውቶቡስ ስትነዳ የምትለብሰው ጃኬትህ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ ኪሱን አልዳበስኩም። ልጅህ ሶስና ወንበርህን ወደ መስኮቱ አዞረችው፤ እኔ መለስኩት፤ እሷ ደግማ አዞረችው። ስለዚህ ነገር አንነጋገርም። ወንበሩ አሁን መሐል ላይ ቀርቷል፣ ወደ ማንም አያይም።

ከሥራዬ የሚመጣው የኢንሹራንስ ወረቀትም መጣ። ከደመወዜ የሚቆረጠው ጨምሯል። ዲዳክቲብሉም፣ ያ ኢንሹራንሱ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት እኛ ከኪሳችን የምንጨርሰው፣ እሱም ጨምሯል። ስንት እንደሆነ አልነግርህም፤ ትናደዳለህ። የቤተሰብ ብዛት በሚለው ቦታ ሦስት የነበረው ሁለት ሆኗል። ከፋርማሲ በገዛሁት የማንበቢያ መነጽር፣ በግራ ዓይኔ አነበብኩት።

ልነግርህ የተነሣሁት ስለዚህ ዓይን ነው።

በየዓመቱ ሙቀቱ በረድ ሲል ያ ወረቀት ይመጣል። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋዋለን። አንተ ከሺፍት ገብተህ፣ ጫማህን ሳታወልቅ፣ መንገደኞቹ የሰጡህን ቲፕ ከኪስህ እያወጣህ ታደምጠኛለህ፤ እኔ አነባለሁ። ሁልጊዜ ርካሹን ነው የምንመርጠው። ርካሹ ርካሽ የሚሆነው ካልታመሙ ነው። ይህን እናውቃለን፤ አውቀን እንፈርማለን። የሦስታችንም ባንድ ላይ ይቆጠራል፤ አንዱ ታሞ ዲዳክቲብሉን ከሞላው ለሁላችንም ሞላ ማለት ነው፣ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ። ከዚያ እንደገና ከባዶ።

ይህ ሲገባህ እንዲህ አልክ፤ «ከሁለታችን አንዳችን ደህና አድርገን ብንታመም እኮ፣ ሌላው በነፃ ይታከም ነበር።» ተራ እናውጣ አልክ። የዘንድሮው የማን ነው ብለህ ጠየቅከኝ። እኔም ፈጠን ብዬ፣ የአንተ ነው፣ ታላቅ ይቀድማል አልኩህ። ሳቅን። ሶስና ምን ሆናችሁ ብላ ከክፍሏ ወጣች።

ያንን ያልኩት እኔ ነኝ። ታላቅ ይቀድማል ያልኩት።

የዓይን ሞራ ነው ብሎ ሐኪሙ ከነገረኝ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። ብዙም አያስቸኩልም አለ። እኛ ይህችን ቃል ይዘን ወጣን። የመጀመሪያውን ዓመት የሶስና ጥርስ ቀደመ። ሁለተኛውን ዓመት መኪናው ተበላሸ። ሦስተኛውን ዓመት ምክንያት እንኳ አልፈለግንም፤ ከርሞ ማለት ለምዶን ነበር። አንተ በየመሐሉ ዓይንሽስ ትላለህ። ደህና ነው እላለሁ። የኔ ውሸት ከዚህ ይጀምራል።

ደህና አልነበረም። ኤፔክስ በሚባለው ሰፈር በምሠራበት መጋዘን በመጨረሻው ዓመት ሳጥኖቹ ላይ የተለጠፈውን ሌብል አላነብም ነበር። ሳጥኑን በቅርጹና በቀለሙ ነበር የምለየው። ትልቁ ወደ ሦስተኛው መስመር፣ አረንጓዴ ጥግ ያለው ወደ አምስተኛው። ሰው በቃሉ መዝሙር እንደሚይዝ ይዤው ነበር። ማንም አላወቀም። አንተም አላወቅክም።

ሆስፒታል ነድቼ ያደረስኩህ እኔ ነኝ። ስለዚያ ጠዋት መጨረሻ ላይ እጽፍልሃለሁ። አሁን ልለፈው።

አሥራ አንድ ቀን ተኛህ። ከዚያ ቀበርንህ። ከዚያ ፖስታዎቹ መምጣት ጀመሩ፤ ከላያቸው ስምህ፣ አንተ አሁንም እዚህ የምትኖር ይመስል። ሶስና ነች የምትከፍታቸው። ስልክ የምትደውለውም እሷ ነች፤ በእንግሊዝኛዋ ቆጣ ትላለች፣ ወዲያው አመሰግናለሁ ትላለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። የዲዳክቲብሉን መስመር አሳየችኝ፣ አረንጓዴ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቷል። አሥራ አንዱ ቀንህ ነው። መስመር ሆኖ።

«ማሚ» አለች በዚያ በምታውቀው አማርኛዋ፣ «ዳዲ ከፍሎታል። ዓይንሽ አሁን መሠራት ይችላል።»

ተነሥቼ ንጹሕ ብርጭቆ አጠብኩ። ከዚያ አይሆንም አልኩ። ለምን ብላ ጠየቀችኝ። በእንግሊዝኛ ልነግራት አልቻልኩም፤ በአማርኛም እንጃ። የባሏ አፈር ሳይደርቅ ዓይኗን ተኳለች የሚለኝን ሰው ድምፅ እሰማ ነበር። ማንም አላለኝም፤ እኔው ነኝ የምለው። ደግሞ ከዚያ ሥር ሌላ ነገር አለ፤ አንተ በሞትክበት ነገር እኔ እንዴት አያለሁ የሚል። ሶስና ከዚህ ሁሉ የሰማችው አይሆንም የሚለውን ብቻ ነው።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ ሐዘኔ እንዳይመስልህ። መጋዘኑ ነው። ለበዓሉ ሰሞን ሳጥኖቹን ቀየሩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ፣ ሌብሉ ብቻ የተለያየ። በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ሙሉ ጭነት ወደማይሄድበት ላክሁ። አለቃዬ ደግ ሰው ነው፤ ሐዘን ላይ መሆኔን ያውቃል፤ አንድ ጊዜ ይሁን አለኝ። ሁለት ጊዜ አላለኝም። ሥራው ከሄደ ኢንሹራንሱ ይሄዳል፤ የኔም፣ የልጅህም። ማታ ሶስናን ለዓይን ክሊኒኩ ደውዪላቸው አልኳት።

ለካ ዓመቱን ሲታመም የከረመ ሰው ሁሉ ዲሴምበር ላይ ይጣደፋል። ክሊኒኩ ሞልቷል። ሁሉም የሞላውን መስመር ይዞ ቆሟል። ሶስና ስሜን ተጠባባቂ ላይ አስያዘች። በሳምንቱ ደወሉ፤ አንድ ሰው ቀርቷል፣ ሐሙስ ይሆንልሻል ወይ አሉ። ከሐሙስ ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ አርባህ ነበር።

እትዬ ብርቄ ዘንድ ሄድኩ። ታውቃቸዋለህ፤ ከዛሬ አርባ ዓመት በፊት በሱዳን በኩል የመጡት፣ የማኅበራችን ሴቶች ሁሉ ሳያማክሯቸው የማይቀብሩ የማያስቀብሩት። ፈርቼ ነበር። እርስዎ ምን ይላሉ፣ ቀጠሮውን ላዛውረው ወይ አልኳቸው፤ ከዲሴምበር ካለፈ እንደማይሆንልኝም ነገርኳቸው። የኢንሹራንሱን ነገር ከኔ የበለጠ ያውቁታል፤ ጉልበታቸውን በዲሴምበር ነው ያሠሩት። «ለሞተው ይጸለይለታል፣ ያለው ይታከማል። ሂጂ» አሉኝ።

ሐሙስ ሄድኩ። ብዙ አልቆየም። የማየው ብርሃን ብቻ ነበር፣ ውኃ ውስጥ እንዳለ መብራት። ሲያልቅ ፊሊፒናዊቷ ነርስ የማይደረገውን ነገረችኝ። ዓይን አይታሽም። አይጎነበስም። ከባድ አይነሣም። ውኃ አይገባበትም። ማልቀስስ ብዬ ጠየቅኳት። ቀና ብላ አየችኝ። እንባ አይጎዳም አለች፤ ጉንጭሽን ብቻ ጥረጊ፣ ዓይኑን አትንኪ።

አንድ ነገር ልንገርህ። አንተ ከሞትክ ጀምሮ አላለቀስኩም። ሆስፒታልም፣ መቃብሩም ላይ። ሰው ሲመጣ ፊቴን ያያል፤ ከዚያ እርስ በርሱ ይተያያል። እትዬ ብርቄ ደረቴን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው፣ ልጄ፣ ይዞሽ እንዳይቀር ይሉኝ ነበር። እንዲወጣ ሞክሬአለሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ ሞክሬአለሁ። ውኃው ብቻ ይፈሳል።

ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስደርስ እትዬ ብርቄ፣ እንግዲህ ዛሬ ይወጣልሻል አሉኝ። እኔም ሐኪሙ እንዳላለቅስ ከልክሎኛል አልኳቸው። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። የነርሷን ቃል ገልብጬ ተናገርኩ። እሳቸውም ለሴቶቹ ሁሉ አዳረሱ፤ «እንዳታስለቅሷት፣ ዓይኗ ይፈሳል» እያሉ።

ብታይ ትስቅ ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው ሊያለቅሱ የመጡ ሴቶች ሁሉ እንባቸውን ዋጡ። አንዷ ድምፅ ማውጣት ስትጀምር እትዬ ብርቄ ክንዷን ቆነጠጧት። ጾም ስለነበር ምስርና ጎመን ነው የበላነው። ሰው ሁሉ ጥሩ ሰው ነበር ይላል፣ ቀስ ብሎ፣ እኔን ላለማስለቀስ። አርባህ እንደ ቤተ መጻሕፍት ጸጥ ብሎ አለፈ። ስንት ቀን ነው የከለከሉሽ ብለው እትዬ ብርቄ ጠየቁኝ፤ አንድ ሳምንት አልኩ። በስምንተኛው ቀን እንጀራና ሽሮ ይዘው ተመለሱ፣ ጊዜው አልፏል ብለው። ተቀምጠው ጠበቁኝ። አላለቀስኩም። ሽሮውን በልተን ተለያየን።

ውሸቴን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።

ቅዳሜ ዕለት ሌሎቹ ሲሰግዱ እኔ ወንበር ላይ ነበርኩ፣ መጎንበስ ክልክል ነውና። ከላይ ሆኜ ጀርባቸውን አየሁ። ነጠላው ነጭ ነበር። ምን ያህል ነጭ እንደሆነ ረስቼ ነበር፤ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ። ቤት ስገባ ሳሎናችንም ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ስንቀባው ነጭ ነው ስትለኝ፣ ክሬም ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ የተከራከርኩህ ግድግዳ። ነጭ ነው። ይቅርታ።

አሁን ስለዚያ ጠዋት።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ አገኘሁህ። ሸሚዝህ ርሷል። ስልኩን ሳነሣ እጄን ያዝከኝ። አምቡላንሱ ይቅር፣ አንቺው ውሰጂኝ፣ ቅርብ ነው አልክ። ለምን እንደሆነ አልተናገርክም፤ እኔም አልጠየቅኩህም። ያ የኢንሹራንስ ወረቀት በመሐላችን ነበር።

ከሰፈራችን ከሎን ማውንቴን ወደ ሆስፒታሉ የሚነዳው ወደ ምሥራቅ ነው። ፀሐይዋ ገና መውጣቷ ነበር፣ ልክ በመንገዱ ጫፍ ላይ። በሞራ ዓይን ፀሐይ ፀሐይ አይደለችም። የመኪናው መስታወት በሙሉ ነጭ ሆነ። ከፊቴ ያለውን መኪና ቀይ መብራት ብቻ እከተል ነበር። የሆስፒታሉን ምልክት አላየሁትም። መታጠፊያውን አለፍኩት።

አንተ ነህ የነገርከኝ። ዞር ብለህ አየኸኝ፤ ፊቴን ሳይሆን ዓይኔን። ከዚያ፣ «ዩ ተርን አድርጊ፣ አይዞሽ» አልክ። አይዞሽ ያልከው አንተ ነህ። ቀጣዩ መብራት ቀይ ነበር። ረጅም ቀይ። በሩ ላይ ስንደርስ መናገር አቁመህ ነበር።

ሐኪሙ ብዙ ነገር አስረዳኝ። እነዚያ ደቂቃዎች ለውጥ አምጥተው ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። ጥያቄውን በአፌ ይዤ አሥራ አንድ ቀን አጠገብህ ተቀመጥኩ። ለሶስና አልነገርኳትም። እነግራታለሁ፤ ግን ቀድሞ ለአንተ መነገር ነበረበት። በዚያች ቅጽበት ስታየኝ ገብቶህ እንደነበር አስባለሁ። ደህና ነው ስልህ የኖርኩት ዓይን ደህና እንዳልነበረ።

ባለፈው ሳምንት፣ መንዳት ከተፈቀደልኝ በኋላ፣ በዚያው ሰዓት በዚያው መንገድ ሄድኩ። ፀሐይዋ እዚያው ነበረች፣ ግን ትንሽ ክብ ሆና። ምልክቱን ከሩቅ አነበብኩት። በጣም ከሩቅ፤ ሁለት መብራት ሲቀረኝ። ይህን ያህል ትልቅ እንደሆነ አላውቅም ነበር። መታጠፊያውን ታጠፍኩ፣ ፓርክ አደረግሁ፣ ትንሽ ቆየሁ፣ ወደ ሥራ ሄድኩ። አረፈድኩ። ማንም ምንም አላለኝም።

ቀኙም ሞራ አለበት። ሐኪሙ ይህኛውም አያስቸኩልም አለ። በኮምፒውተሩ ላይ ያለው መስመር ጃንዋሪ ሲገባ ባዶ ሆኗል፤ ሶስና አሳየችኝ፤ የሚሞላው የለም። ከየደመወዜ ትንሽ ትንሽ እንድናስቀምጥ ተስማምተናል። ወረቀቱ እንደገና ሲመጣ ከርሞ አልልም። ይህን ለሐኪሙ አልነገርኩትም፤ ለአንተ ነው የምለው።

እስከዚያው ሁለት ዓይነት አያለሁ። ፎቶህን በግራዬ ሳየው ሽበትህ ይታየኛል፣ ኮሌታህ ላይ ያለች ክርም። ጥሩ ፎቶ ነው፣ የማላውቀው ሰው ፎቶ ነው። ግራውን በመዳፌ ስሸፍነውና በቀኙ ሳየው ቢጫ ትሆናለህ፣ ጠርዝህ ይደበዝዛል፤ እነዚህን ዓመታት ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠህ ሳይህ እንደነበርከው። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት እንደዚያ አይሃለሁ። ቀኙ ሲሠራ ይህም እንደሚሄድ አውቃለሁ። ይሠራል።

ስነዳ ግን በግራዬ ነው። በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ምልክቱን ገና ከሩቅ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ አነብልሃለሁ።

ሂሩት