ድምፅ የሌለው ገበያ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ከየካ አባዶ መገናኛ አንድ ሰዓት ከሃያ ፈጀብኝ። ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ይላል... ወዴት ነው የምንጠጋው?

ቢሮ ስገባ ባልደረባዬ ገመቺስ ገና "ጌሙን ጨረስሽው?" አለኝ። አልጨረስኩም። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ጨዋታ! ስክሪን የለው፣ ስልክ የለው፤ ሰው ራሱ የድሮ ልብስ ለብሶ የጥንት ሰው የሚሆንበት። እንጦጦ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ልናጫውተው ነው። የአክሱም ነጋዴዎች ወርቅ ፍለጋ ሩቅ አገር ይወርዳሉ፣ ከአገሬው ጋር ቋንቋ አይግባቡም። ስለዚህ ጨውና ብረታቸውን አጥር ላይ አስቀምጠው ዞር ይላሉ። ባለ ወርቁ ይመጣል፣ ወርቁን አጠገቡ ትቶ ይመለሳል። ነጋዴው ከበቃው ወርቁን ያነሳል፣ ካነሰው አይነካውም። ያኛው ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን አንስቶ ይሄዳል። ድሮ እውነትም እንዲህ ይነገድ ነበር ይባላል።

"የኛ ሰው ሳይጨቃጨቅ ሊገዛ? ቀልደኛ ነሽ" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

አባዬን ስትሮክ ከመታው ስምንት ወር። አንድ ቃል አልወጣውም። ጀይላን እኮ ነው! መገናኛ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የሸጠ፣ "እሱ ጋ ገብቶ ባዶ እጁን የወጣ የለም" የሚባልለት። ሱቁ ተዘጋ። ጠያቂ ሲመጣ ጆሮው የደነቆረ ይመስል ይጮሁበታል። ከዚያ እዚያው ፊቱ ስለ እሱ እማዬን ይጠይቋታል። ያናድደኛል።

ዛሬ ምንጣፉ ላይ ጨውና ሳሙና ደርድሬ ጨዋታውን ስሞክር መጥቶ ቁጭ አለ። በደህናው እጁ ሳሙናውን ወደኔ ገፋ። በወርቅ ፈንታ ሁለት ጠጠር አስቀመጥኩ። አልነካም። አንድ ጨመርኩ። ፊቱን አዞረ! እስካማርር ድረስ አስጨመረኝና ጠራርጎ ወሰደ። እማዬ ከጓዳ ብቅ አለች። "ወላሂ፣ ሱቅ ያለ መስሎታል" አለች... በሻሿ ዓይኗን ያዘች።

ማንም የማይናገርበት ቦታ። እሱ ከሰው እኩል የሚሆንበት። ለካ ለዚህ ነው የምለፋው? ያ ረቢ፣ አንድ ቀን ብቻ ነጋዴ ይሁንልኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ተበላሸ።

አሥራ አራት ሰው መጣ። አባዬ የነጋዴዎቹ አለቃ። ዳገቱን ገመቺስ ደግፎ "አይዞዎት ጋሽ ጀይላን፣ ደርሰናል" እያለ አወጣው። ደስ ብሎት ነበር፣ አውቀዋለሁ። አሞሌ ጨውን አጥሩ ላይ አስቀምጦ እንደ ትልቅ ሰው ዞር አለ። ፀደንያ የምትባለው ልጅ መጣች፣ ያላትን ጠጠር በሙሉ አንዴ ዘረገፈችለት። ሌሎቹም ተከተሏት። ሁሉም ፈገግ ብለው ያዩታል። አንዱ እንዲያውም አጨበጨበ!

አባዬ እያንዳንዳቸውን አየ። ቀጥሎ እኔን። ወርቁን በእግሩ በተነውና ብቻውን ቁልቁለቱን ጀመረው። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች መንገድ ለቀቁለት።

ፀደንያ "ምን አጠፋን?" ትላለች። እነሱ ምን ያጥፉ? ቴሌግራም ላይ "አባቴ ታሟል፣ እባካችሁ እንዳትጫኑት" ብዬ የጻፍኩት እኔ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

አላየኝም። ቁርስ ብሰጠው አልተቀበለኝም፤ ከእማዬ እጅ በላ። ነጋዴን መጸወትኩት... ምን ዓይነት ጅል ነኝ?

ዓርብ፣ ኅዳር 5

እግሩ ሥር ቁጭ ብዬ "አባዬ፣ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አውፍ በለኝ። ሁለተኛ አይለመደኝም" አልኩት።  በደህናው እጁ ራሴን ዳበስ አደረገኝና የጨዋታውን ቦርሳ በአገጩ አሳየኝ። አለቀስኩ።

እንደገና እንወጣለን ኢንሻአላህ። ሌሎች ሰዎች፣ የማያውቁት። ገመቺስን አስምዬዋለሁ፤ ትንፍሽ እንዳይል።

እሑድ፣ ኅዳር 14

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

አንድ አሞሌ አሥር ወርቅ ነው፣ ሕጉ ላይ አለ። ጠዋት በጣቴ እየቆጠርኩ ነገርኩት፣ ራሱን ነቀነቀ። ባለ ወርቁ ኃይሉ የሚባል የባንክ ሠራተኛ ነው፣ ብልጥ። ሦስት ጠጠር ወርውሮ ሄደ። ፊቱ ኮስተር ያለ፣ አንድም ፈገግታ የለው። ጎሽ! አልኩ በልቤ። አሁን አባዬ ፊቱን ያዞራል።

አነሳው።

ተሳስቶ ነው አልኩ። ለብረቱ ሁለት ተቀመጠለት። አነሳ። ለቀጣዩ አሞሌ አንድ። እሱንም አነሳ፣ በጥንቃቄ፣ አንድ በአንድ እየቆጠረ የሚመስል። ኃይሉ ግራ ገብቶት ዞሮ አየኝ። አጫዋች አይናገርም፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ። አፌን ይዤ ቆምኩ። ያለውን ሁሉ ሸጦ ጨረሰ፣ በምንም።

ለካ ያኔም የገባው ከፊታቸው እንጂ ከቁጥሩ አልነበረም። ቤት ምንጣፉ ላይም የሚያነበው ፊቴን ነበር። ምላሱ ብቻ ነው የሄደው ብዬ ዘጠኝ ወር... ሒሳቡም ሄዷል። አባቴ ሄዷል።

ቤት ስንደርስ ጠጠሮቹን ከኪሱ አውጥቶ እማዬ ፊት ደረደራቸው። አንዱን ገፋ፣ ሁለተኛውን ገፋ፣ መልሶ የመጀመሪያውን። ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

"ናዲያ፣ አተረፈ እንዴ?" አለችኝ እማዬ።

አባዬ ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ። ጠበቀኝ።

"አተረፈ ወይ? የሚደርስበት ጠፋ እንጂ!" አልኩ፣ ፈገግ ብዬ።

አመነኝ።