ለአንድ እግረኛ የተሠራ ድልድይ

ተከፈተ! ድልድያችን ተከፈተ! ሰኞ ጠዋት ቢጫውን ሰንሰለት አነሱልንና በእግራችን ተሻገርን፤ እኔማ ሄጄ ተመልሼ ስላልበቃኝ ደግሜ ሄድኩ፣ ሥራም ረፈደብኝ፣ ግድ የለም!

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደስታው ቀድሞኝ ሰላምታውን ዘለልኩት። አሁን ወግ ባለው መንገድ ልጀምር።

ለተከበሩ የአውራ ጎዳና ግንባታ ዲዛይን ገምጋሚ ክፍል ኃላፊ፤ የመሥሪያ ቤትዎ ሙሉ ስም ፖስታው ላይ አልበቃ ስላለኝ ትቼዋለሁ፣ እርስዎ ራስዎን ያውቃሉ።

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይ ዓይንዎ? ዓይንዎን ለይቼ የምጠይቀው ኮንትራክተሮች የሚያመጡልዎትን ሺህ ገጽ ንድፍ ሲያገላብጡ መዋል ዓይን ሳይጎዳ እንደማይቀር ስለገመትኩ ነው። እኔ ኢሊሊ ቦጋለ እባላለሁ፤ ብሉሚንግተን ከተማ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሌሎች ያጸዱትን ክፍል ኢንስፔክት የማደርግ ሴት ስለሆንኩ በሙያ እንኳን ዘመዳሞች ነን። እርስዎ ሌላው የነደፈውን ያያሉ፣ እኔ ሌላዋ ያነጠፈችውን አያለሁ። እኔ አንሶላውን ገልጬ፣ መሳቢያውን ስቤ፣ ከሻወሩ መጋረጃ ጀርባ አይቼ ነው የምፈርመው፤ ኮሪደር ላይ ቆሞም መፈረም እንደሚቻል የተማርኩት ከእርስዎ ነው።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ምስጋናዬን ጎረቤቶቼም እንዲካፈሉት ብዬ ነው። ለእርስዎ ልጄ ቤዛዊት ወደ እንግሊዝኛ ትተረጉምልዎታለች፤ ምሬቱን እንዳታለዝበው አስጠንቅቄያታለሁ። እናንተ ቁጥር ስለምትወዱ ደግሞ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

1ኛ. ስለ ፊርማዎ። ከሕንፃችን ፊት ለፊት ሃይዌዩ ያልፋል፤ ከሃይዌዩ ማዶ የአውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ፣ ክሊኒኩና ፋርማሲው አሉ፤ እኛን ከነዚያ የሚያገናኘን አንድ ጠባብ፣ ዝገት የበላው የእግረኛ ድልድይ ነበር። ከዚያ ሃይዌዩ ይስፋ ተባለና ኮንትራክተሩ ንድፉን ሠርቶ አቀረበ፤ በንድፉ ላይ አሮጌው ድልድይ ይፈርሳል፣ ምትክ ግን የለውም። ያ ገጽ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ፤ እርስዎም ለአስተያየት በተተወው ሳጥን ውስጥ «አስተያየት የለም» ብለው ፈረሙበት። ፊርማዎን አይቼዋለሁ፣ ጭራው እንደ ሃይዌይ መውጫ ዞሮ ዞሮ የሚሄድ፣ በጣም ያምራል። እጅዎን አይመመው።

2ኛ. ስለ ቆጠራችሁ። ንድፉን ለሕዝብ ለማሳየት ማዶ ባለው ትምህርት ቤት አዳራሽ ጠርታችሁን፣ ዶናት ሳይቀር አቅርባችሁልን፣ ድልድዩ ለምን ምትክ እንዳላስፈለገው ስንጠይቅ አንድ ትሑት ወጣት ኢንጂነር በጥናቱ መሠረት በቀን የሚሻገረው እግረኛ አንድ ነው ብሎ አስረዳን። አዳራሹ ውስጥ በዚያው ድልድይ ተሻግረን የመጣን ሠላሳ እንሆናለን። ሙሊሳ፣ ሻኮፒ ከተማ መጋዘን ውስጥ የሚሠራውና የሥራ ቫኑን ማዶ ቆሞ የሚጠብቀው ጎረቤታችን፣ ከኋላ ተነሥቶ፣ «ወንድሜ፣ እኔ ብቻዬን በቀን ሁለቴ እሻገራለሁ፤ ግማሼን የት ጣላችሁት?» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጁም ሳቀ፣ ጥያቄያችንንም በቢጫ ወረቀት ጻፈልን። ጥያቄያችን 214 የሚል ቁጥር አገኘ፤ በሦስተኛው ሳምንትም «ተመልክተነዋል፤ ተዘግቷል» የሚል መልስ መጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለተመለከታችሁልን አመሰግናለሁ።

ሐምሌ ላይ ድልድዩ ፈረሰ። በእኛ በኩል ያለው ደረጃ ግን ቆሞ ቀረ፤ የደረጃው ማፍረሻ በሌላ ገጽ ላይ ነው የተጻፈው አሉን። አሥራ ስምንት ደረጃ ወጥተው አየር ላይ የሚደርሱበት፣ ከታች መኪናው የሚጮህበት ደረጃ። ይህንን ራሱን የቻለ ቁጥር ልሰጠው አስቤ ነበር፣ ግን ይለፍ።

3ኛ. ስለ ነጠብጣቡ። በድልድዩ ፋንታ በንድፉ ላይ በነጠብጣብ የተሠመረ ተለዋጭ መንገድ ሰጣችሁን፤ በሃይዌዩ መግቢያና መውጫ ዙሪያ ዞሮ፣ አንድ ማይል ተኩል ሄዶ፣ ማዶ የሚያደርስ። ወረቀቱ ላይ ነጠብጣቡ አይቋረጥም። መሬቱ ላይ ግን ሳይድዎኩ፣ ማለትም የእግረኛው መንገድ፣ መውጫው ጋ ሲደርስ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በረዶ ጠራጊው የገፋው ክምርና መኪና ነው።

ጋሽ ተወልደብርሃንን አያውቋቸውም። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከእኛ በላይ የሚኖሩ፣ ከትምህርት ቤት ጽዳት ሥራ ጡረታ የወጡ አስመራዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ። ክረምት በመጣ ቁጥር ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ በባዶ የቡና ቆርቆሮ ጨው ይዘው፣ በረዶው እንዲሟሟ የድልድዩ ደረጃ ላይ ይበትኑልን ነበር፤ ጠዋት ቆርቆሮው ሲንኳኳ ስሰማ ተነሥቼ ጫማዬን አደርጋለሁ፣ ሰዓቴ እሱ ነበር። ዓምና ኅዳር ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ የባለቤታቸውን የእትዬ ለተኪሮስን መድኃኒት ሊያመጡ በነጠብጣባችሁ ላይ ሄዱ። ሳይድዎኩ አለቀ፤ እሳቸው ግን አላቆሙም፣ መድኃኒቱ ማዶ ነውና። ከሃይዌዩ የወጣ መኪና ገጫቸው፤ አልተነሡም። ሹፌሩ አላየኋቸውም አለ፣ እኔም አምነዋለሁ። እርስዎም አላዩአቸውም፤ እርስዎ ግን ወረቀቱን በእጅዎ ይዘው ነበር።

በዚህ ቁጥር ሥር የማቀርበው ምስጋና ፈልጌ አጣሁ። ሳጥኑን ባዶውን ትቼዋለሁ፤ ባዶ ሳጥን ለእርስዎ እንግዳ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ክረምት እንዴት ብዬ ልጻፍልዎት። እትዬ ለተኪሮስ ያንን መንገድ አልረግጥም ብለው ከቤት መውጣት ተዉ፤ መስኮታቸው ደግሞ ከሌላ ከምንም ሳይሆን አየር ላይ ከሚያልቀው ደረጃ ፊት ለፊት ነው። ከላይኛው እርከን ላይ ቆሞ ማዶ ማዶ የሚያይ ሰው አየን ያሉ ጎረቤቶች አሉ። እኔ አላየሁም፣ አልዋሽም። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ግን ሰምቼ ሁለት ጠዋት ጫማዬን አድርጌ በር ድረስ ወጥቻለሁ። ሥራም ቦታ ያ ቁጥራችሁ ይከተለኛል፤ ክፍል ከፍቼ ስገባ አንድ የተረሳ ነጠላ ጫማ፣ አንድ ግማሽ ድረስ የተጠጣ ብርጭቆ፣ ሁለት ሰው ከሚተኛበት አልጋ ላይ ጭንቅላት ያረፈበት አንድ ትራስ። አንድ፣ አንድ፣ አንድ። እርስዎንስ ይከተልዎታል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

4ኛ. ስለ ቀኑ። ይህ አራተኛው ዋናው ነው፤ ቡና ነገር ካለ ያስቀርቡና ያንብቡት። ጥር ላይ ልጄ ቤዛዊት የንድፉን አባሪ ከኢንተርኔት አውርዳ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ የቆጠራውን ሠንጠረዥ አገኘችልኝና ቀኑን አነበበችልኝ፤ ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 7፣ ከጠዋት እስከ ማታ። እኔ ወንበሩን ፈልጌ ስቀመጥ፣ «ማም፣ ዋትስ ሮንግ?» አለችኝ። «የእኛ ገና እኮ ነው» አልኳት። ከአርባ ሁለቱ አፓርታማ ሠላሳ ስምንቱ ገና የሚያከብር ነው፤ የቀሩት አራቱ መኪና አላቸው። ሁላችንም ሰኞ ማታ በመኪና ተጫጭነን ቤተ ክርስቲያን ሄደን፣ ሌሊቱን ቆመን አድረን፣ ጾም ፈትተን፣ ከሥራ ኦፍ ወስደን ተኝተን በዋልንበት ቀን ካሜራችሁን ተከላችሁ። ኮንትራክተሩ የፈረንጅ ገና ማለፉን አይቶ ይሆናል የተከለው። እርስዎ ግን ገምጋሚ ነዎት። አንድ ሕንፃ ሙሉ ሰው፣ አንድ ድልድይ፣ በቀን አንድ እግረኛ ሲባል፣ እኔ ብሆን መጋረጃውን እገልጥ ነበር።

ከሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያቺ አንዷ አለች። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ፣ በእናንተ አሥራ ሁለት ከሃያ፣ አንድ ሰው ወደ ማዶ፤ ከሃያ አንድ ደቂቃ በኋላ አንድ ሰው ወደዚህ። ማን እንደሆነ በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

ባለቤቴ አለልኝ የዚያ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ያን ገና ኦፍ ከልክለውት መሪው ላይ ዋለ። ሌሊቱን በመቆም እግሬ አብጦ፣ ምሳውን በሳህን አድርጌ፣ በጨርቅ ቋጥሬ ፌርማታው ላደርስለት ስወጣ ጋሽ ተወልደብርሃን በር ላይ አገኙኝ። «አንቺ ግቢና ተኚ፣ እኔ አደርስለታለሁ» አሉኝ፤ ደግሞ እንደ ልማዳቸው፣ «እንቁላሉን ግን ቁጠሪው፤ መንገድ ላይ አንድ ቢጎድል በኋላ እኔን እንዳታሚኝ።» ሳቅኩ፣ ሳህኑን ሰጠኋቸው፣ ገብቼ ተኛሁ።

እንግዲህ ከፍተኛ ባለሙያዎች አጥንተው በዚህ ሰፈር አለ ያሉት ብቸኛ ሰው እሳቸው ነበሩ፤ የያዙትም የእኔን ሳህን ነው። አብሬያቸው ብሄድ ኖሮ ሁለት እንሆን ነበር። ሁለት ሰው ድልድይ ያስቀር ነበር ወይ? ይህንን የምጠይቀው እርስዎን አይደለም።

5ኛ. ስለ ገርነታችሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ካላንደር ገጽ ቀድጄ፣ ቀኑን በቀይ አክብቤ፣ የሠላሳ ስምንት ቤት ፊርማ አያይዤ ላክሁልዎት። እውነቱን ልናገር፣ በዚህ ጊዜ አነበባችሁት። ንድፉን ለኮንትራክተሩ መለሳችሁ፤ መጋቢት ላይ በማክሰኞ ቀን እንደገና ተቆጠርን፤ በዚያ ጭቃና ነጠብጣብ ላይ ሳይቀር አንድ መቶ ስድሳ ሦስት ሆነን ተገኘን፣ ድልድዩም ንድፉ ውስጥ ገባ። የጻፋችሁልኝም ደብዳቤ መጀመሪያው ቆጠራ «በዕለቱ በነበረ ልዩ ሁኔታ» የተዛባ መሆኑን ይገልጻል። የጌታን ልደት ልዩ ሁኔታ ብላችሁ ስለመዘገባችሁልን ከልብ አመሰግናለሁ፤ እኛም እንደዚያው ነው የምናየው።

ሰኞ ዕለት ነው እንግዲህ እትዬ ለተኪሮስ ከዓመት በኋላ ከቤት የወጡት። ክንዴን ይዘው፣ በሌላው እጃቸው የባለቤታቸውን ቆርቆሮ ይዘው፣ በረዶ በሌለበት ደረጃ ላይ ጨው እየበተኑ ወጡ። ድልድዩ ሰፊ ነው፣ መብራት አለው፣ ሁለት ጋሪ ጎን ለጎን ያሳልፋል። መሃል ላይ ቆመው ወደ ላይ ወደ ታች አዩና፣ «ኢሊሊ፣ ለአንድ ሰው ይሄ ሁሉ ብረት?» አሉኝ። ሳቅን። ከዚያ ሁለታችንም አልሳቅንም። ከዚያ ፋርማሲ ሄደን መድኃኒታቸውን ይዘን ተመለስን። በእግራችን! ክፋቴን ሁሉ የሚያስረሳኝ ደስታ ነው ያለኝ፤ ባይሆን ይህ ደብዳቤ ምን ሊመስል ይችል እንደነበር እግዚአብሔር ይወቀው።

መግቢያው ላይ ዓይን ያላት ትንሽ ሳጥን መትከላችሁንም አይቻለሁ፤ የሚሻገረውን ትቆጥራለች፣ ቁጥሩን ቤዛዊት በየማታው ከስልኳ ታነብልኛለች። ሰኞ 204፣ ማክሰኞ 171። ይበርቱ።

በቀሪው ዘመንዎ ከፊርማዎ በፊት የሚነበብ ገጽ፣ ከገጹም ላይ የሚታይ ሰው እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ላዩልንም ላላዩልንም ሁሉ በእኩል ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ከግማሽ በላይ መሆኔ በጥናት የተረጋገጠልኝ የሙያ ዘመድዎ፣

ኢሊሊ ቦጋለ

ልጨምር፦ ረቡዕ ዕለት ያ ሁሉ በረዶ ሲወርድ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ የአለልኝ አውቶቡስ ቆመ፣ ከሕንፃችን ማንም አልወጣም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ካፖርቴን ደርቤ ደረጃው ድረስ ሄጄ አየሁ፤ በረዶው ጉልበት ይደርሳል፣ ድልድዩ ከዳር እስከ ዳር እንደ አዲስ የተነጠፈ አንሶላ፣ አንድ ኮቴ የለበትም። ማታ ቤዛዊት ቁጥሩን አነበበችልኝ። በስድስትና በሰባት ሰዓት መካከል፣ አንድ። የእናንተ ቴክኒሻን በረዶ ዓይኗን ጋርዷት ነው ይል ይሆናል፤ ይበል። ለእርስዎ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ለግምገማ ሲቀርብልዎት ያቺን አንድ እንዳይሰርዟት። እንደለመዱት «አስተያየት የለም» ብለው፣ በዚያች ባማረች ፊርማዎ ይለፏት።

ደግሞም ይምጡ። መኪናዎን ማዶ አቁመው በእግርዎ ይሻገሩ፣ እኛም እንቆጥርዎታለን። ለሻኮፒ ሠራተኞች፣ ለሲዋርድ ሰፈር ዘመዶች፣ ለብሉሚንግተን ሰዎች፣ ይህንን ላነበበ ሁሉ ነው የምናገረው፤ አለልኝን ዘንድሮም ኦፍ ስለከለከሉት ሁላችንም ሳህን ይዘን ነው ወደ ፌርማታው የምንሻገረው። የገና ዕለት፣ ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 7፣ ልክ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ፤ ማንም እንዳይቀር።