ቁልፉን ወደ ቤቱ የመለስኩ መስሎኝ

ውድ ጋሽ ሐድጉ፣

ዓይንዎ እንዴት ሆነ? እህትዎ በደንብ እየያዙዎት ነው? እኔ ደህና ነኝ ልልዎት ነበር፣ ውሸት ነው፣ ጽሑፌ ተንጋዶ ካስቸገረዎት መሠረተ ትምህርት ያስተማሩኝን ልጆች አይርገሙብኝ፣ እነሱ ደህና አድርገው ነው ያስተማሩኝ። ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነኝ፣ ወረቀቱን የዘይት በርሜል ላይ ዘርግቼ። የምሳ ሰዓት ስለሆነ ሰዉ ሁሉ ወጥቷል፣ በያጁ አብዱልሰላም ብቻ በሩ ላይ ቆሞልኛል፣ ዘመዱ ነገ ደሴ ስለሚሄድ ደብዳቤውን ያደርስልዎታል።

ድፍረቱ ሳይሸሸኝ መጀመሪያ ልናገረው። ያን ማክሰኞ ዓይንዎን የመታውን ቁልፍ ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ ሰክቼ የተውኩት እኔ ነኝ። ረዳትዎ ክፍሌ አይደለም። እኔ ነኝ ጋሽ ሐድጉ።

እባክዎ ወረቀቱን ቀደው አይጣሉት፣ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ገብቼ የብረት ፍቅፋቂውን እንደምጠርግ ያውቃሉ። ያን ቀን ቁልፉን ማሽኑ ላይ ፍቅፋቂ ውስጥ ተቀብሮ አገኘሁት። እናንተ ስትሠሩ ሳይ ያ ቁልፍ ብረቱን ጨምድዶ የሚይዘው መንጋጋ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲዞር ነው የማየው፣ ሌላ ቤት ያለው አልመሰለኝም። በጨርቅ ወልውዬ ጉድጓዱ ውስጥ ሰካሁት። ልክ ገባ። ደስ አለኝ እኮ! ዕቃውን ወደ ቤቱ የመለስኩ መስሎኝ። ማሽኑ ሲነሳ ተፈናጥሮ ሰው እንደሚመታ አላወቅኩም።

ማመካኛ እንዳይመስልዎት። ግን እናንተ ግቢ ለሁሉም ሙያ አባባል አለው። አብዱልሰላም “በያጅ ማለት ፀሐይ በእጁ ይዞ በጨለማ የሚሠራ ነው” ይላል። ኤሌክትሪሻኑ ጓደኛዎ ካላዩ “የእናንተ ስህተት ያቆስላል፣ የኔ ስህተት ተዝካር ያስበላል” ብሎ ይስቅበታል። እርስዎ ደግሞ ክፍሌን “ቶርኖ የእንጀራ እናት ናት፣ ዓይንህን ካነሳህባት ትቆነጥጥሃለች” ይሉታል። ሻይ ሰዓት ላይ የማን ሥራ ይከብዳል እያላችሁ ስትከራከሩ እኔ መጥረጊያዬን ይዤ እስቃለሁ። አንድ ቀን “የኔስ?” ብል ካላዩ “አንቺማ አባይነሽ፣ መጥረግ ማንን አቅቶት ያውቃል፣ ነፋስም ይጠርጋል” አለኝ። እርስዎም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ለካ ምክር የሚሰጠው ሥራው ከባድ ነው ለተባለ ሰው ብቻ ነው። “ቁልፍ ወይ እጅህ ላይ ወይ ምስማሩ ላይ” የሚለውን ለክፍሌ መቶ ጊዜ ነግረውታል አሉ፣ እኔ የሰማሁት እርስዎ ከወደቁ በኋላ ነው።

ያን ጠዋት ገብተው አብዱልሰላምን “ዛሬስ ፀሐይህ ወጣች?” እያሉ ሲቀልዱበት ፊትዎን ወደ ማሽኑ ሳያዞሩ አስነሱት። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ደም አየሁ፣ ቁልፉን ወለሉ ላይ አየሁ፣ ወዲያው ገባኝ። ገብቶኝ ዝም አልኩ። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ፣ መስካቴ ሳይሆን ዝምታዬ።

ሆስፒታል ብርቱካን ይዤ ስመጣ ግማሽ ፊትዎ ታሽጎ “አታልቅሺ ጓለይ፣ አታልቅሺ ልጄ፣ የሥራው ጠባይ ነው” አሉኝ። ያኔ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፣ ነርሷ ገባች፣ ዘጋሁት። ሁሉም እንደዚያው ነበር የሚለው፣ ቶርኖ ነው፣ ምን ይደረግ። እኔም እዚያ አባባል ውስጥ ገብቼ ተደበቅኩ። ይመቻል ጋሽ ሐድጉ፣ ሥራው ከባድ ነው ከተባለ ያጠፋ ሰው የለም።

የውይይት ክበቡ ሊቀመንበር ጓድ ዓምደሚካኤል ግን ስብሰባ ላይ ተነስቶ “ቁልፍ እግር የለውም ጓዶች፣ ማሽኑ ላይ የነበረው ለመንግሥት እርሻ የሚሄድ የፓምፕ ዘንግ ነው፣ ይሄ አሻጥር ነው” አለ። በዋዜማው መጨረሻ ማሽኑን የነካ ማነው? ክፍሌ። ልጁ እየተንተባተበ “ምስማሩ ላይ መስቀል ረስቼ ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩት እንጂ አልሰካሁትም” አለ፣ ማን ይስማው። ቀበሌ ከታሰረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ወንድሜ ዕዝራ በዚያ ክፉ ዓመት “ቀበሌ ደርሼ መጣሁ” ብሎ አፍንጮ በር ካለው ቤታችን እንደወጣ መቅረቱን ያውቃሉ። ሻዩን እንኳ አልጨረሰም ነበር። የቀበሌ በር ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ቢሆንም ሄጄ እናገራለሁ።

ለአብዱልሰላም ዛሬ ነገርኩት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ “አንቺ ልጅ፣ የተሰነጠቀ ስገጥም ዕድሜዬን ጨረስኩ፣ ይሄን ግን በምን ልበይደው?” አለኝ።

“አትበይደው፣ ደብዳቤዬን ብቻ ላክልኝ።”

“ጋሽ ሐድጉ እስኪመጡ ቆዪ እንጂ። የሳቸው ቃል ይሰማል፣ አንቺን ማን ከቁም ነገር ይቆጥርሻል?”

“እሳቸው እስኪመጡ ክፍሌ የት ይሆናል?”

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ እየወለወለ “እንግዲያው ስትገቢ ቶርኖ ከባድ ነው ብለሽ ጀምሪ፣ ያዝኑልሻል” አለኝ። በዚህ ተናደድኩ። “ከባድ ነው ከባድ ነው ስትሉ አይደል እንዴ ሰው የታሰረው!” ብዬ ጮኽኩበት፣ በአብዱልሰላም ላይ፣ በዕድሜ አባቴ በሚሆነው ሰው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

መጣሁ ጋሽ ሐድጉ። አሁን ቀበሌው ውስጥ ነኝ። ሁለት ጊዜ ተመልሼ ነበር፣ አንዴ ከወርቅ ቤቶቹ ጋ፣ አንዴ በሩን ከነካሁት በኋላ። በሦስተኛው ገባሁ። አብዱልሰላም ሸኝቶኝ ውጭ መስኮቱ ስር ቆሟል፣ ስጨርስ አቀብለዋለሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ ናቸው ተብዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ፣ ብዕሬ አልቆብኝ የበረኛውን ተውሻለሁ።

አጠገቤ የክፍሌ እናት እትዬ ብርሃኔ ናቸው፣ ምሳ ዕቃ ጭናቸው ላይ አድርገው። አወቁኝ።

“የሥራ ቦታው ልጅ አይደለሽ? እስቲ ንገሪኝ፣ ቶርኖ በጣም ከባድ ነው አይደል? ክፍሌዬ እኮ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ሥራው ከብዶት ነው።”

እናት ለልጇ የያዘችው መከላከያ ይሄው ብቻ ነበር።

“ከባድ ነው እትዬ። ክፍሌ ግን አላጠፋም። ቁልፉን የሰካሁት እኔ ነኝ። ያንን ልናገር ነው የመጣሁት።”

ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅኩ። እጃቸውን ምሳ ዕቃው ክዳን ላይ አድርገው አዩኝ፣ እኔ አንገቴን ደፋሁ።

“እናት አለሽ?” አሉኝ።

“የለችኝም፣ ከአክስቴ ጋር ነኝ።”

“ሂጂ ብዬ አልገፋሽም፣ ቅሪ ብዬም አልዋሽሽም” አሉና ክዳኑን ከፈቱት። “በባዶ ሆድሽ እንዳትገቢ፣ አንደበትሽ ይተሳሰራል። ብዪ።”

የልጃቸው ምሳ ነው ጋሽ ሐድጉ። አልበላም ብል እሺ አላሉኝም። ሁለቴ ቆረስኩ፣ ሦስተኛውን በእጃቸው አጎረሱኝ።

ይቅር ይበሉኝ ብዬ እዚህ አልጽፍም። የዓይን ነገር በወረቀት አይጠየቅም። ከዚህ ከወጣሁ ደሴ መጥቼ ፊትዎ ቆሜ እጠይቅዎታለሁ፣ ከደጅዎ ቢያባርሩኝም መጥቼ ነው የሚያባርሩኝ። ካልወጣሁ ደግሞ በቦታዬ የምትቀጠረውን ልጅ ማሽኑ ጋ ወስዳችሁ ቁጭ አድርጋችሁ ስለ ቁልፉ ንገሯት። መጥረግ ቀላል ነው አትበሏት።

እዚያ ገብቼ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳሰላስል ነበር። ይሄንንም ያንንም አባባል አሰብኩ። አንዱንም አልልም። ስሜን፣ ሥራዬን፣ ያደረግኩትን፣ በቃ።

ጸሐፊው ወጥቶ “ባለጉዳይ!” እያለ እየጠራ ነው። እትዬ ብርሃኔ ነጠላዬን አስተካከሉልኝ። የሰውየውን ብዕር ልመልስና ልግባ።

አክባሪዎ ልጅዎ
አባይነሽ