ወልደ ሰንበት ነኝ ላልከኝ

ግርማዬ፣

«ለጤናህ እንደምን አለህ» ብዬ ልጀምር እጄ ሄዶ ተመለሰ። ለሞተ ሰው ጤና ይጠየቃል? ያለህበትንም ቢሆን አላውቀውም። እናውቃለን የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል፤ ችግሩ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው፣ ሙት ዓመትህ የፊታችን እሑድ ይወጣል። እኔ ደግሞ ዛሬ ደስ ብሎኛል። ለምን ደስ እንዳለኝ ግን በደንብ አልገባኝም፣ እየጻፍኩ ይገባኝ ይሆናል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። መንዳት ተማርኩ! አትሳቅ። መኪናህን እኔ ነኝ የምነዳት። ሚድታውን ሄጄ፣ አንተ የሰው መኪና ፓርክ ስታደርግ በኖርክበት ጋራዥ ውስጥ ራሴ ፓርክ አደረግኩ፤ ትንሽ ጠመም ብላ ቆመች እንጂ ቆማለች። ልጅህ ሳባ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው በቀሉ። እኔ ሆቴሉን ለቅቄ አቮንዴል እስቴትስ ሚስ ሩት የሚባሉ አሮጊት እጠብቃለሁ። እህቴ አስናቀች ስቶን ማውንቴን ቤት ገዛች። ቴሌቪዥኑ አሁንም በጥፊ ካልመቱት አይበራም።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። እናትህ በሰው እጅ ካሴት ላኩልን። አልቅሰዋል፣ ሳባን መርቀዋል፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ ሳይቀር አውርተዋል። መሃል ላይ «ኃይለ ገብርኤልን አደራ፤ ስሙን እያስጠራሽ ነው ወይ?» አሉ። ኃይለ ገብርኤል ደግሞ ማነው ብዬ ቴፑን ወደ ኋላ መልሼ እንደገና ሰማሁት። ለካ አንተ ነህ።

ግርማ፣ አንተ እኮ ለእኔ ወልደ ሰንበት ነህ። ገዳሪፍ የስደተኞች መጠለያው ውስጥ ልንጋባ ስንል የክርስትና ስምህን ብጠይቅህ፣ ፍራሽህ ላይ እንደተጋደምክ «ወልደ ሰንበት» አልከኝ። ዕለቱ እሑድ ነበር፣ ተኝተህ ነበር የዋልከው። ቀልድህን ነበር ለካ! እኔ ሞኟ አመንኩህ። ስታርፍ አባ የክርስትና ስምህን ሲጠይቁኝ ያንኑ ነገርኳቸው። ፍትሐትህ በወልደ ሰንበት፣ አርባህ በወልደ ሰንበት። አባ ከሌላ ስቴት እየመጡ በአሜሪካኖቹ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በቀደሱ ቁጥር የሚጠሩት ወልደ ሰንበት።

መጀመሪያ ሳቅኩ። አንተ ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም፣ ሳባ ደንግጣ ሮጣ መጣች። ከዚያ ሳቁ አለቀና ፈራሁ። ዓመት ሙሉ የጸለይነው ለማን ነው? አንተስ ያለ ጸሎት ባዶህን ቀረህ ማለት ነው?

አስናቀች ጋ ደወልኩ። ጌታን ከተቀበለች ወዲህ በዚህ ጉዳይ ጥርጥር የላትም። ሰው አንዴ ከሞተ በትክክለኛውም በተሳሳተውም ስም ቢጸለይለት ምንም አይለወጥም፤ በሕይወት ሳለ ያመነ አመነ፣ ያላመነ ለዘለዓለም ቀረ አለችኝ። «ለዘለዓለም» ስትል ግን ድምጿ ተሰበረ። ፓስተሯ እያልክ ብታበሽቃትም እንደምትወድህ ታውቃለህ። እኔም ያንተን ክርክር አነሳሁባት፤ ሲኦልንማ ገዳሪፍ አይቼዋለሁ፣ ከዚያ እንኳ በመጨረሻ ወደ አሜሪካ የሚያሻግሩ መዝጋቢዎች መጥተው አውጥተውናል፣ እግዜር ከመዝጋቢ ያንሳል ወይ ትላት የነበረውን። ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ በዚህ አይቀለድም ብላ ተቆጣችኝ።

በማግሥቱ ለሚስ ሩት በዚያች በእንግሊዝኛዬ አጫወትኳቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰንበት ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ወንድማቸው መጠጥ እንደያዘው ከሞተ በኋላ ግን ሐሳባቸው ተለወጠ። እግዚአብሔር አንድ ሰው ሳያስቀር ሁሉንም ይሰበስባል፣ ቅጣቱም ቢሆን ማለቂያ አለው ይላሉ። ጸሎትሽ የትም አልጠፋም፣ ላንዱ ወልደ ሰንበት ደርሶለታል፤ ባልሽም አልቀረም አሉኝ። ስሙን ሲጠሩት ብትሰማ ኖሮ! ደስ አለኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ደስ አለኝ።

ሾርባቸውን ሳሞቅ ግን ወንድሜ ታዬ ትዝ አለኝ። ታዬን ከቤት ጎትቶ ያወጣው ያ የአብዮት ጠባቂም ትዝ አለኝ፤ እሱም ኋላ በተራው ተገደለ ሲባል ሰምተናል። ሁሉም ይሰበሰባል ከተባለ እሱስ? ታዬ አጠገብ ሊቀመጥ? ሚስ ሩትን ጠየቅኳቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«እሱም» አሉኝ። «ግን መጀመሪያ የወንድምሽን ፊት ማየት ይኖርበታል።»

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ተምታታብኝ። ላንተ ሲሆን የሚስ ሩት ልክ ይሁን እላለሁ፣ ለዚያ ሰውዬ ሲሆን የአስናቀች። ይባስ ብሎ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ የዚያን ሰውዬ የክርስትና ስም ማን ያውቃል? ወልደ ሰንበት ቢሆንስ? ዓመት ሙሉ ጧፍ እያበራሁ ምሕረት የለመንኩት ለእሱ ቢሆንስ?

ትናንት አባ መጡ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳቃቸውን ሊውጡ ሞክረው አልሆነላቸውም። የሚስ ሩትን ሐሳብ ሳነሳ ግን ኮስተር አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን እንዲያ አታስተምርም፣ ፍርድም አለ፣ የዘለዓለም ነው አሉ። ታዲያ ለሞተ ለምን እንጸልያለን ብላቸው፣ የምሕረቱን ዳርቻ ስለማናውቅ ነው አሉኝ። እሱም አልገባኝም። ብቻ እግዜር የምታለቅሺለትን ሰው አልተሳሳተውም ሲሉኝ ልቤ ትንሽ አረፈ። ከእሑድ ጀምሮ ኃይለ ገብርኤል ብለው ሊጠሩህ ተስማማን። ልወጣ በሩን ስይዝ፦

«ወልደ ሰንበትንስ ከእንግዲህ አልጥራው?» አሉኝ።

ቆምኩ። የእኛ ሰው አይደለም፣ «ይቅር፣ አይጥሩት» ማለት ነበረብኝ። ግን ስሙን የሚያስጠራለት ሌላ ሰው ባይኖረውስ ብዬ አሰብኩ። የታዬ ፊት መጣብኝ፤ አልተቆጣኝም፣ እሺም አላለኝ። «ይጥሩት» አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ዛሬ ስነሳ ደግሞ ይኸው ደስታ። ማን ልክ እንደሆነ አሁንም አላውቅም። አንተ ሳታውቀው አትቀርም፤ ግን ብትነግረኝም ደግሞ ቀልድህን ነው ብዬ አላምንህም።

ግርማዬ፣ በሕይወት እስካለሁ በገዛ ስምህ አስጠራሃለሁ። ያንን ሰውም፣ ማንም ይሁን ማን፣ አስጠራዋለሁ፤ ካንተና ከታዬ በኋላ።

ሚስትህ ወይንሸት