ጎህ ሳይቀድ ሽርሽር

ጥር 30 ቀን 2014፣ ሰኞ

ሴራሚክ ስለጥፍ ዋልኩ። ሐርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ የአሠሪዬ የሆዳን አዲሱ ቤት፣ ሁለተኛው ፎቅ። ጉልበቴ ሲጥ ሲጥ ይላል። ሆዳን መጥታ ወለሉን አየችና «ይሄ ጠሟል» አለች። «ቤትሽ ነው እንጂ የጠመመው፣ ሴራሚኩስ ቀጥ ያለ ነው» አልኳት በሱማልኛዬ። ሳቀች። ስትሄድ ውሃ ልኩን ጣል አደረግኩበት... ጠሟል። ነቅዬ እንደገና ለጠፍኩ።

አመሻሹ ላይ እህቴ የሺሃረግ ከጅጅጋ ደወለች። ልጆቹ የሴሚስተር እረፍት ላይ ናቸው፤ ይዛቸው ልትመጣ ነው። ነገ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነይ ስላት «አቧራው»፣ «ኬላው»፣ «ልጆቹ» ስትል የኖረች ሴት... አሁን ምን አስነሳት?

የአገር ቤት ወሬ ጠየቅኳት። «ኔትወርክ የለም እኮ» አለች። ፈጠን ብላ አለችው። እማዬና ታናሻችን ወንድምአገኝ ወልድያ አጠገብ ናቸው። ጦርነቱ እዚያ ከገባ ወዲህ፣ ከነሐሴ ጀምሮ፣ የሁለቱንም ድምፅ አልሰማሁም። ስደውል የምታነሳው ያቺ «ሊያገኟቸው አይችሉም» የምትለው ሴትዮ ናት። ከመላመዳችን የተነሳ ስለ ጤናዋ ልጠይቃት ምንም አልቀረኝ።

ለማንኛውም ቤቱ ይጠረግ።

የካቲት 1፣ ማክሰኞ

መጡ። በድንበሩ ከተማ በቶጎ ውጫሌ በኩል፣ አቧራ ለብሰው። አምለሰት አሥራ ሦስት ሞልቷታል፤ ቁመቷ እኔን ሊያክል ነው። ኤፊ ስድስት ዓመቱ ነው፣ የፊት ጥርስ የለውም።

«አጎቴ፣ እዚህ አገር አንበሳ አለ?»

«አለ እንጂ። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ቤት ይሰለፋል።»

«ሰው አይበላም?»

«ዳቦ ካለቀበት ነው።»

ነገ ዳቦ ቤት ልወስደው ቃል አስገባኝ። አምለሰት በዓይኗ ገረፈችኝ። እሷንም በእሱ ዕድሜ ሳለች፣ ጅጅጋ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ እንዲሁ አታልያት ነበር፤ አልረሳችም።

የቤቴ አከራይ ኻዲጃ ምንጣፍና ትራስ አዋሰችን። የዛሬ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሐርጌሳ በቦምብ ስትወድም ወደ ጅጅጋ ተሰድዳ ነበር፤ አማርኛ የተማረችው እዚያ ነው። ከየሺ ጋር እንደ ድሮ ጎረቤት ተቃቀፉ።

የሺ ከስታለች። ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች፣ ሠርግ የተጠራች ይመስል። ሻሿን ግን ቤት ገብታም አላወለቀችም። «የሰው አገር ነው፣ ልማዱን ላክብር» አለች። የዶሮ ወጥ ሠርታ ይዛ መጥታለች፣ ከጅጅጋ ድረስ! «ብላ... ጨምር... ይቺን ደግሞ...» ስበላ ታየኛለች።

እንዲህ ሰው ሲበላ የሚታይበትን ጊዜ የማውቀው መሰለኝ። የት ነበር?... ደክሞኛል።

የካቲት 2፣ ረቡዕ

ጠዋት ከኤፊ ጋር ዳቦ ቤት ሄድን። አንበሳው «ዛሬ ቀድሞ ወስዶ ሄደ» አልኩት። አመነ። ትኩስ ዳቦ በሁለት እጁ አቅፎ ጉንጩን እያሞቀ ተመለስን።

በር ላይ ጋሽ አቻምየለህ ከየሺ ጋር ቆሟል። ሲያዩኝ ዝም አሉ።

ጋሽ አቻምየለህ የበርበራ መስመር ሹፌር ነው። እዚህ ላለነው የአገር ቤት ልጆች ሽማግሌያችን እሱ ነው። «እህትህን ሰላም ልል ነው» አለ።

«በዚህ ጠዋት? ጋቢ ደርበህ?» አልኩት። «ልታጫት ከሆነ ባል አላት።»

ሳቀ።

ይሄ ሰውዬ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በቀልዴ ስቆ አያውቅም። «አፍህን ዝጋ፣ ዝንብ ይገባበታል» ነው መልሱ። ዛሬ ሳቀ። እዚያ ላይ ገባኝ።

እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም። ነውር ነው። ሰው ይላካል። የተላከው ሰው ምንም እንዳልሆነ መስሎ ይገባል፤ ዘመድ የሞተበት ሰው ጠግቦ እንዲበላ ይደረጋል፣ ከሰማ በኋላ አይበላምና። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሰው ይሰበሰብና በር ይንኳኳል። ጋሽ አቻምየለህ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ስንቱን ቤት አንኳኩተናል! ሳይነቃ፣ ልብሱን ሳይለብስ፣ ቤቱ ውስጥ... እንደዚያ ነው ደንቡ።

ቤቱ ውስጥ ከተገኘ ነው እንግዲህ።

ካልተገኘስ?

አገር ቤት ሁለት ሰው አለኝ። አንዳቸው ናቸው። ግን እስካልተነገረኝ ድረስ ሁለቱም አሉ። አይደለም እንዴ?

የካቲት 3፣ ሐሙስ

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም ቀሰቀስኩ። «ተነሱ፣ ግመሉ ሳያልቅብን!» የሺ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አፈጠጠችብኝ። «ተፌ፣ ምን ሆነሃል? ገና አልነጋም።» «ሽርሽር በጠዋት ነው» አልኳት።

የግመል ገበያው ደስ ይል ነበር። አቧራ፣ ጩኸት፣ ሻጭና ገዢ በሻርፕ ሥር ጣት ለጣት ተያይዘው ሲደራደሩ። ኤፊን «ግመል ሳታስፈቅድ ካየሃት ትቀየማለች» አልኩት። ልጁ እያንዳንዷ ግመል ፊት ቆሞ «ይቅርታ፣ ልይሽ?» ሲል ነጋዴዎቹ በሳቅ ሞቱ። በግመል ወተት የፈላ ሻይ ጠጣን። አምለሰት አንድ ጊዜ ፉት ብላ ብርጭቆውን ለእኔ አሳለፈችው።

ስንመለስ ሦስት ሰዓት ሆኗል። በራችን ላይ የሰው ዱካ ብዙ ነው። ማንም የለም። አመለጥኩ።

የካቲት 4፣ ዓርብ

ዛሬም አሥራ አንድ ሰዓት። በባጃጅ ከከተማው ውጭ ወዳሉት ሁለት ኮረብታዎች። ከሥራቸው አንጥፈን ሽሮ በዳቦ በላን። ከልጆቹ ጋር ድንጋይ ውርወራ ተወዳድሬ በገዛ ፍርዴ አሸነፍኩ። አምለሰት «ዳኛውም ተጫዋቹም አንተ!» ብላ አኮረፈች፤ ቆይታ ሳቀች።

የሺ ግራር ሥር ተቀምጣ አንቀላፋች። አፏ ተከፍቶ፣ እንደ አሮጊት። አርባ አልሞላትም እኮ።

ሁለት ጊዜ «ተፌ፣ ቁጭ በል እስቲ፣ የማወራህ...» ብላ ጀመረች። ሁለቱንም ጊዜ ተነሥቼ ከኤፊ ጋር አባሮሽ ጀመርኩ።

የካቲት 5፣ ቅዳሜ

ሥራ ገባሁ። ዘበኛው ሳይነቃ ስለደረስኩ ሌባ መስዬው ዱላ ይዞ ወጣ። ተመስገን፣ ከመርዶ ዱላ ይሻላል።

ማታ አምለሰት ስጽፍ አይታ «አጎቴ፣ አንተም የቤት ሥራ አለብህ?» አለችኝ። «አለብኝ። ከአራተኛ ክፍል ወዲህ አስተማሪውም ተማሪውም እኔ ነኝ» አልኳት። «ስንት አገኘህ?» «ወደቅኩ።»

አልሳቀችም። እሷም ታውቃለች ማለት ነው።

የካቲት 6፣ እሑድ

በርበራ ሄድን። በማን መኪና? በጋሽ አቻምየለህ! ይሄ ተንኮል የራሴ ነው፤ ትናንት ደውዬ «ልጆቹ ባሕር ይዩ፣ አይሱዙህን አስነሣ» አልኩት። መሪ የያዘ ሰው መርዶ አይናገርም። ከፊት የሚቆመው እሱ ከሆነ ደግሞ እሱ በሌለበት ማን ይጀምራል? ጋቢና ውስጥ ተጣብበን ተቀመጥን። መንገዱን ሙሉ እኔ ብቻ ለፈለፍኩ። በድርቁ የሞቱ በጎች መንገድ ዳር ተኝተዋል። ኤፊ «ለምን ይተኛሉ?» አለ። «ሌሊት ስልክ ሲያወሩ አድረው ነው።» ቀልዱ ለራሴም አልጣፈጠኝም።

ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር። ጋሽ አቻምየለህ ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ገባ፣ እንደ ሽመላ። አምለሰት ውሃ ረጨችው። የሺ ከነቀሚሷ ዳሩ ላይ ተቀመጠች፤ ማዕበሉ ሲመጣባት ጮኸች፣ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ወዲያው ተቋጠረ፣ ስርቆት ላይ እንደተያዘ ሰው።

ኤፊ አጠገቤ አሸዋ እየቆፈረ «አጎቴ፣ እማዬ ፀጉሯን ለምን እንደተላጨች ታውቃለህ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«እኔም አልነገሩኝም።»

ውሃውን እያየሁ መቁጠር ጀመርኩ። እማዬ ስልሳ ስምንት። ወንድምአገኝ ሃያ ስድስት። እሷ ብትሆን... እሱ ቢሆን... ወንድምአገኝ ስደውልለት ሁሌም «ጋሼ» ብሎ ቀድሞ ይስቅ ነበር፣ ገና ምንም ሳልናገር። መረጥኩ። አዎ፣ እዚያ ቁጭ ብዬ መረጥኩ። ማንን እንደሆነ እዚህም አልጽፍም።

የካቲት 7፣ ሰኞ

ነነዌ ገባ። የሺ ትጾማለች። እኔ ጎህ ሳይቀድ ሥራ ገባሁ። ደከመኝ። ሥራው ሳይሆን ይሄ መሸሽ ነው ያደከመኝ።

የካቲት 8፣ ማክሰኞ

ኻዲጃ ከሥራ ስመለስ ግቢው በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ተፈሪ፣ አንተ ሌባ ነህ?»

«ምን ሰረቅኩ ደግሞ?»

«ሌባ ነው ሳይነጋ የሚወጣ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኛ ሰው ሲሞት እዚያው ይነገራል፣ በዚያው ሰዓት። ኢና ሊላሂ ይባላል፣ ይቀበራል፣ ይለቀሳል። እናንተ ግን... ወላሂ ሰው ታደክማላችሁ! ልናገረው እላለሁ፣ እህትህ እግሬ ላይ ትወድቃለች። ነውር ነው ትላለች።»

«ተይው በቃ፣ አትንገሪኝ።»

«አልነግርህም። ስለ ሞተው አይደለም የማወራው። ስለ እሷ ነው። አንተ ሥራ ስትገባ እሷ እኔ ቤት ትመጣለች። መታጠቢያ ቤት ትገባለች። ውሃ ትከፍታለች። አንድ በርሜል ውሃዬን ጨርሳለች! በድርቅ! ታጥባ ነው? አይደለም። ድምፅዋ እንዳይሰማ ነው። ስትወጣ ፊቷን ትጠርጋለች፣ ያንን ቢጫ ልብስ ታስተካክላለች፣ አንተ ስትመጣ ልትስቅ።»

የአንድ በርሜል ውሃ ሂሳብ አውጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩ።

እኔ የምሸሸው ከሞት ነው ብዬ ነበር። ለካ ሬሳውን እሷ ተሸክማ ከኋላዬ ስትሮጥ ነበር... ግመል ገበያ፣ ኮረብታ፣ ባሕር።

የካቲት 9፣ ረቡዕ

ከሥራ ስወጣ ጋሽ አቻምየለህ ጋ ሄድኩ። መኪናው ሥር ተኝቶ ብሎን ያጠብቃል። እግሩን ብቻ ነው የማየው። ለእግሩ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ቤት ነኝ።»

መፍቻው ቆመ።

«እሺ ልጄ» አለ። ልጄ ብሎኝ አያውቅም።

ቤት ስገባ የሺ ጾሙን ፈትታ ሽሮ አቀረበች። «ብላ» አለች። በላሁ። ሳልቀልድ፣ እስከ መጨረሻዋ ጉርሻ። ዓይኔን አየችው። እንዳወቅኩ አወቀች መሰለኝ። ትሪውን አንሥታ ወጣች።

የካቲት 10፣ ሐሙስ

ነገሩኝ።

የካቲት 12፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሳልስት ነው። መጻፍ ሞከርኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተንኳኳ። ነቅቼ ነበር፤ ግን ተኝቼ ጠበቅኋቸው፣ ደንቡ እንደዚያ ነውና። አሥራ አምስት ሰው ይሆናሉ። ጋሽ አቻምየለህ ከፊት። ስንት ጊዜ ያለውን ቃል ሊል አፉን ከፈተ፣ እንቢ አለው። «ማናቸው ናቸው?» አልኩት እኔው።

«እናትህ።»

ጥቅምት ላይ ነው። የደም ግፊት ኪኒኗ አልቆ፣ መንገዱ ተዘግቶ። ወንድምአገኝ ከሦስት ጎረቤት ጋር ሆኖ ቀበራት። ከጥር መግቢያ ጀምሮ ስልክ ሠርቷል፤ ለየሺ በአዲስ ቁጥር ደውሎ ነገራት። ለእኔ እንዳይደውል ተከለከለ። ድምፁ ያሳብቅበታል ተብሎ! አንድ ወር ሙሉ ልጁ በሕይወት እያለ እኔ እዚህ በሐሳቤ ስገድለው፣ ሳስነሣው...

ባሕሩ ዳር የመረጥኩት... እንደ ምርጫዬ ሆነ። እንግዲህ ጻፍኩት። ይሄን ለማን ይናገሩታል? ለንስሐ አባት እንኳ እንዴት አድርጌ እጀምረዋለሁ?

ሆዳን ፍየልና ሩዝ ላከች። ኻዲጃ በረንዳዋን ለቀቀችልን፣ ምንጣፍ ዘረጋች፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ በሱማልኛ አለቀሰች። ለእናቴ ይሁን ለራሷ ሙታን አልጠየቅኳትም። የሺ ጥቁሯን ለበሰች። ልጆቹ ነገ ከአባታቸው ዘመድ ጋር ይመለሳሉ፣ ሰኞ ትምህርት አለ። እሷ ትቆያለች።

ከቀትር በኋላ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር።

«ጋሼ...»

አልሳቀም።

«ነገሩህ?»

«ነገሩኝ።»

«አሁን መደወል እችላለሁ ማለት ነው?»

«ደውል። በየቀኑ ደውል።»

«እሺ በቃ ቀልድብኝ እስቲ። ስድስት ወር ሆነ የቀለደብኝ የለም።»

ልቀልድበት ፈለግኩ። «አንተ ጎረምሳ» ብዬ ጀመርኩ... አልወጣ አለኝ። እነሱ ከእኔ በፊት ሰምተዋል፣ አልቅሰዋል፤ እኔ ገና ሦስተኛ ቀኔ ነው። ወንድምአገኝ «ጋሼ? ጋሼ?» ይላል።

የሺ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። «አንተ ጎረምሳ፣ ጢም አበቀልክ አሉ? ወይስ ጭቃ ነው?» አለችው። ከማዶ ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ ወደ እኔ አየችና ትከሻዬ ላይ እጇን ጣል አደረገች።

«ተፌን ተወው» አለችው። «ዛሬ የእሱ ተራ ነው።»